ጭሱ ወጣ ብለን የምንረሳው ቱቦ፦ የጭስ ማውጫ ጽዳትና ፍተሻ ለደጋ ቤት

[ብየዳ ቤት። ቁመቱን ለሁለት የተሰነጠቀ የላሜራ ቱቦ ጠረጴዛ ላይ።]

ይህን ቱቦ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ያወረድኩት ደብረ ብርሃን ከእናቴ ቤት ነው። ሲገጠም ወርዱ 12 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ አሁን ኤልቦው፣ ማለትም መታጠፊያው ጋ ጡጫዬ አላልፍ ብሏል። ባለፈው ኅዳር እናቴ ጠዋት ጠዋት «ራሴን ይወጋኛል፣ ያቅለሸልሸኛል» ትለኝ ነበር። ምች ነው ብለን ዳማከሴ ስናሸት ከረምን። ቀን ደጅ ወጥታ ፀሐይ ስትሞቅ ይሻላታል፤ ማታ ምድጃው ሲነድ ይመለስባታል። ምድጃውን የሠራሁላት እኔ ነኝ። ቱቦውን ግን ለ4 ዓመት አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁትም።

[የቱቦው ውስጥ፣ በጣም ቀርቦ፦ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ሽፋን።]

ከምድጃ የሚነሣው ጭስ ሁሉ ከቤት አይወጣም። እንጨት ሲነድ ውሃውም፣ ያልተቃጠለው ሙጫና ዘይቱም ተንኖ ከጭሱ ጋር ይነሣል። ቱቦው ትኩስ ከሆነ ሁሉም ተያይዞ ይወጣል። ጭሱ ከ120 ዲግሪ ገደማ በታች ከቀዘቀዘ ግን፣ የወጥ ድስት ክዳን ከውስጥ እንደሚያልበው፣ ትነቱ ቱቦው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ይደርቃል፣ በላዩ ሌላ ይደረባል። ክሪዮሶት ይባላል። ከድስት ቂጥ እንደምንፍቀው ጥቀርሻ አትዩት፤ ይህኛው ራሱ የሚነድ ነገር ነው።

የኛ አገር ብርድ ደግሞ ያግዘዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከ3,000 ያልፋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ጭሱን ወደ ላይ የሚስበው ኃይል ይቀንሳል። ብዙ ሰው ቱቦውን በጎን ግድግዳ አስወጥቶ ውጭ ያቆመዋል፤ አንድ ንብርብር ላሜራ ሌሊቱን ሙሉ ውርጭ ይመታዋል ማለት ነው። ቱቦው በቤት ውስጥ ቀጥ ብሎ ቢወጣ ይሻላል፤ ሙቀቱም ለቤቱ ይተርፋል። ብቻ እንጨትና ኮርኒስ ከእንዲህ ያለው ቱቦ 45 ሳንቲ ሜትር ይራቁ።

[ግቢ። የተደረደረ የባሕር ዛፍ ፍልጥ።]

ዋናው ጥፋት ግን እንጨቱ ላይ ነው። አሁን የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። እሳቱ ጉልበቱን ውሃ በማትነን ይጨርስና ጭሱ ቀዝቅዞ ይነሣል። ደረቅ የሚባለው እርጥበቱ ከመቶ 20 በታች የወረደ እንጨት ነው። መለኪያ የሌለው ሰው ሁለት ፍልጥ ያጋጭ፤ (ድምፁን ስሙ) የደረቀው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ እርጥቡ ድም ይላል። ፈልጣችሁ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ከላይ ብቻ ከድናችሁ፣ በጋውን ሙሉ ነፋስ ይምታው።

እኛ ክረምቱን በእርጥብ እንጨት እናሳልፍና መስከረም ሲጠባ ቱቦው ሞልቶ ይቆየናል። ከዚያ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባልለት ብርድ ይመጣል፣ እሳቱን እናጠናክራለን፤ የተጠራቀመው የሚቀጣጠለውም ያኔ ነው። ስለዚህ ቱቦው ከመስቀል በፊት ይታይ። በዓመት አንዴ ትንሹ ነው፤ እርጥብ የሚያነድ ሰው በየሁለት ወሩ ይክፈተው።

[እጅ ቱቦ ሲፈታ።]

አንድ ቀን ሙሉ ያልነደደ፣ የበረደ ምድጃ መሆኑን አረጋግጡ። ኤልቦውን ፍቱና በባትሪ አብሩበት። ሽፋኑን በምስማር ጫር አድርጉ። እንደ ዱቄት ከረገፈ መልካም፣ ብሩሽ ይበቃዋል። እንደ ቅርፊት እየተሰበረ ከወረደም በጠንካራ ሽቦ ብሩሽ ይለቃል። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ሳይጸዳ አይነድድበት። እንደ እናቴ ቱቦ እንደ ቅጥራን ካብለጨለጨ ግን አትታገሉት፤ ብሩሽ አይነካውም፣ «አቃጥዬ ላጽዳው» ማለት ደግሞ ቤት ማቃጠል ነው። የላሜራ ቱቦ ከሆነ አውርዳችሁ ቀይሩት።

ስትጠርጉ የምድጃውን አፍ በረጠበ ጆንያ ድፈኑ፤ አፍንጫና አፋችሁን ሸፍኑ፣ ጓንትና መነጽር አድርጉ። ጥቀርሻ ቆዳም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1775 እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በጭስ ማውጫ ጠራጊዎች ላይ የሚታየውን ካንሰር ከጥቀርሻ ጋር አያይዞ ጽፎታል።

መገጣጠሚያውን፣ የዛገ ቀዳዳውን፣ ከላይ ያለውን ኮፍያ እዩ፤ ወፍ ጎጆ ሠርታበት ይሆናል። የቱቦው ጫፍ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ነገር ሁሉ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ፤ ያለዚያ ነፋሱ ጭሱን ወደ ቤት ይመልሰዋል።

ቱቦው እንደ ጭነት መኪና ቢያገሳ ወይም ቢቀላ፣ ውስጡ ተያይዟል። ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ልጆችን አስወጡ፣ ጊዜ ካለ የምድጃውን አየር ማስገቢያ ዝጉ፣ እሳት አደጋ ጥሩ። የጋለ ቱቦ ላይ ውሃ አትድፉ፤ እንፋሎቱ ሊያፈነዳው ይችላል።

[መኝታ ቤት። የተዘጋ መስኮት።]

እናቴን የጎዳት ግን እሳት አልነበረም። የታፈነ ቱቦ ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ ቤት ይመልሳል። አይታይም፣ አይሸትም፤ ደም ውስጥ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ከሰልም እንደዚያው ነው። «ከቀላ ጭስ የለውም» ብለን ማንደጃውን መኝታ ቤት እናስገባለን፤ የቀላው ከሰልም ይህንኑ አየር ይተፋል። እባካችሁ፣ ብርዱን በባና ተከላከሉት፣ ከሰሉን ደጅ አሳድሩት። ቤተሰቡ አብሮ ራሱን ካመመው፣ ውጭ ሲወጣ ከተሻለው፣ ወዲያው ውጡና ጤና ጣቢያ ሂዱ።

[ማታ። የእናቴ ቤት።]

አዲሱን ቱቦ የገጠምኩ ማታ መስኮቱን ጣት ታህል ከፈት አድርጌ፣ ጧፍ ለኩሼ ወደ ምድጃው አፍ አስጠጋሁ። ነበልባሉ ወደ ውስጥ ዘንበል አለ፤ ቱቦው እየሳበ ነው ማለት ነው። እናቴ ጧፉን ከእጄ ተቀብላ ራሷ ደግማ ሞከረችው። አሁን ማታ ማታ እንጨት ከመጨመሯ በፊት እንዲሁ ታደርጋለች።