ጎማ ከመፍታታችሁ በፊት

ኮምቦልቻ ለአውቶ መካኒክ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር

ውድ ተመራቂዎች፣ ወላጆች፣ መምህራን፤ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ።

ስለ ሥራ ፈጠራ እንድናገር ነበር የተጠየቅኩት። እሱን ሌሎች ይነግሯችኋል። እኔ የመጣሁት ስለ ጠጠረ ፍሬን ልናገር ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ሐረጎን የማያውቅ እዚህ የለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ያን ሁሉ ቁልቁለት በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የምንወርደው።

አንድ ጠዋት የዶልፊን ሾፌር ጋራዤ ገባ። ገና ሳይወርድ "ጋሼ፣ ፍሬኑ ድንጋይ ሆነብኝ፤ ቆሜበት ነው የሚይዘው" አለኝ። ጉልበቱን እያሸ ነበር። ሌላ ጋራዥ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ የፍሬን ሸራ ቀይረውለታል። ሸራው የሚይዘውን ታምቡርም ቶርኖ ቤት አስገብተውበታል። ሁለቴ ከፈለ፤ ሁለቴም ፍሬኑ እንደጠጠረ ይዞት ሄደ።

"አብሽር" አልኩትና ሞተሩን አጠፋሁ። ፔዳሉን አምስት ጊዜ ረገጥኩ፤ ጠጠረ። እግሬን ሳላነሳ ሞተሩን አስነሳሁ። ሰርቮው፣ ማለትም እግርን የሚያግዘው የፍሬን ክፍል፣ ደህና ቢሆን ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ይል ነበር። ንቅንቅ አላለም። ኮፈኑን ከፈትኩ። ከዲናሞው ጀርባ ካለው፣ አየር ከሚመጠው የቫኪዩም ፓምፕ ወደ ሰርቮው የሚሄደውን ቱቦ በጣቴ እየዳበስኩ ሄድኩ። ላዩ ደህና ነው። ማሰሪያው ሥር ጎበጥ ሳደርገው ግን ስንጥቁ አፉን ከፈተ። ክንድ የማይሞላ ቱቦ! ቀየርነው፤ ደግመን ሞከርን፤ ፔዳሉ ዝቅ አለ። ሾፌሩ ራሱ ገብቶ እስኪረግጥ አላመነኝም።

ፍሬን ስንረግጥ ሰርቮ በአንድ ጎኑ ቫኪዩም፣ በሌላው የውጭ አየር ነው ያለው። እግራችንን የሚያግዘው የአየሩ ግፊት ነው። ደሴ ላይ ደግሞ ያ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ደህናው ሰርቮ እንኳ እኛ ጋ ጉልበቱ ቀነስ ይላል። የተሰነጠቀ ቱቦ ሲጨመርበትማ አስቡት።

መኪና ሲገለበጥ "ፍሬን ተበጥሶበት ነው" እንላለን። ፍሬን እኮ ክር አይደለም! ያ ፔዳል አንድ ወር ሙሉ ሲናገር ነበር፤ የሰማው ጠፋ እንጂ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ሳይሞክር ሸራ የሚቀይር ሰው እኔ መካኒክ አልለውም! ዕቃ ቀያሪ ነው! የሾፌሩን ኪስ ብቻ አይደለም የሚያራቁተው፤ ከኋላ የተቀመጡትን እናቶችና ልጆች ነው ሐረጎ ላይ የሚለቃቸው!

ፔዳሉ ዝቅ ብሎም መኪናው አልቆም ካለ፣ ያኔ ጎማ ፍቱ። ተቃጥሎ እንደ መስተዋት የሚያበራ ሸራ ወይም የተያዘ ፒስተን ታገኛላችሁ። ፔዳሉ የሚሰምጥ ከሆነ ሌላ በሽታ ነው፤ የፍሬን ዘይቱን እዩ።

ሾፌሮችም እዚህ አላችሁ። ቁልቁለት ማርሽ አውጥታችሁ በፎሌ አትውረዱ፤ ሞተርም አታጥፉ። ሞተሩ ከጠፋ ሰርቮው የሚያግዛችሁ ለሁለት ሦስት ርግጫ ብቻ ነው።

በሩ ጋ የቆመችው ነጭ ዶልፊን የኔ ናት። እዚህ ካቆምኳት በኋላ የሰርቮዋን ቱቦ ነቅያለሁ። ፎቶ ተነስታችሁ ስትጨርሱ ጋውናችሁን አውልቁና ኑ። መጀመሪያ እንዲሁ ትረግጣላችሁ፣ ከዚያ ቱቦውን ራሳችሁ ትመልሱና ደግማችሁ ትረግጣላችሁ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።