ይሄ ወደ ላይ ይውጣ፣ እሺ፣ ምን ይውረድ?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ኮዬ ፈጬ ሆኜ ነው የምቀዳው፣ መብራት ጠፍቷል፣ ከጀርባ የሚጮኸው የፀጉር ቤቱ ጄኔሬተር ነው፣ ቻሉት።

የዛሬው ወሬ ባክሎግ ነው፤ ገና ያልተሠሩ ሥራዎች በቅደም ተከተል የሚደረደሩበት ዝርዝር። እንደምታውቁት የምንሠራው አፕ ለባለሱቆች የዱቤ መዝገብ ነው። ማን ምን ወሰደ፣ ስንት ቀረበት፣ መቼ ከፈለ። ከባክሎጉ አናት የነበረው የወር ሪፖርት ነው፤ ግራፍ ያለው፣ ቀለም ያለው፣ ሲያዩት ደስ የሚል። ያለ ኔትወርክ መመዝገብ ደግሞ ታች፣ በጣም ታች። የጠየቀን ሰው ጥቂት ነዋ።

ሰሞኑን ከዚህ እስከ ቱሉ ዲምቱ በየሱቁ እየዞርን ሰው አናገርን። አንዲት እናት ዘይት እየቀዱ «ልጄ፣ መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም ተከትሎት ይሄዳል፣ ያኔ ደብተሬን አወጣለሁ፣ ማታ ወደ ስልኩ እገለብጠዋለሁ እላለሁ፣ ማታ ደግሞ ይደክመኛል» አሉኝ። አፑን አላጠፉትም። አላማረሩም። እኛ ጋ አሁንም በተጠቃሚነት ይቆጠራሉ።

አያችሁ፣ ፊድባክ የሚደርሰን በቴሌግራምና አፑ ውስጥ ባለው ቅጽ ነው። ሁለቱም ኔትወርክ ይፈልጋሉ! ኔትወርክ የሌለው ሰው «ኔትወርክ የለኝም» ብሎ በምን ይጻፍልን? የቱ ሥራ ይቅደም የሚለውን ለመወሰን የሚያገለግለውን፣ ራይስ የሚባለውን ስሌት የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ስንት ሰው ጋ ይደርሳል፣ ምን ያህል ይጠቅማል፣ ምን ያህል እርግጠኛ ነን፣ ሦስቱ ይባዙና ለሚፈጀው ሥራ ይካፈላሉ። ቀመሩ ጥሩ ነው። ግን የመጀመሪያውን ቁጥር ከጻፉልን ሰዎች ብዛት ከወሰድን መልሱ ሁሌ ዋይፋይ ላለው ሰው ያደላል።

እንዲህ ስል ግን አዲስ ነገር በሰማን ቁጥር ሁሉም ይገልበጥ ማለቴ አይደለም። ትኩስ ቅሬታ ያጓጓል። በዚያው ሰሞን የሽያጭ ልጃችን «አንድ ትልቅ ደንበኛ ባርኮድ ይፈልጋል፣ አሁኑኑ» ብሎ መጣ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እሺ፣ ምን ይውረድ? ክፍሉ ጸጥ ይላል። ይውጣ የሚል ሞልቷል፣ ይውረድ የሚል ግን የለም። የ2020ው (እ.ኤ.አ.) ስክረም ጋይድ፣ የስክረም አሠራር መመሪያው ማለቴ ነው፣ ፕሮዳክት ኦውነር፣ ማለትም የባክሎጉ ኃላፊ፣ አንድ ሰው ነው፣ ኮሚቴ አይደለም፤ ቅደም ተከተል ማስቀየር የፈለገ እሱን ያሳምን ይላል። እኛ ጋ ያ ሰው እኔ ነኝ፣ ወቀሳውም የኔ ነው።

የተያዘው ስፕሪንት፣ ማለትም የጀመርነው አጭር የሥራ ዙር፣ አልተነካም። ከሚቀጥለው ጀምሮ ኦፍላይኑ፣ ያ ያለ ኔትወርክ መመዝገቡ፣ አንደኛ ነው፣ ባርኮዱ ይጠብቃል። ግራፉ ወረደ። ከሪፖርቱ ግን አንድ ቁራጭ ቆርጠን ላይ አስቀረን፤ ወሩ በኛ አቆጣጠር እንዲዘጋ። ጁላይ ሲያልቅ ሐምሌ ገና 24 ነው፣ የዱቤ ሒሳብ እዚያ ላይ ተቆርጦ ለባለሱቅ ምን ይሠራለታል? ትንሽ ሥራ ነች፣ ጥቅሟ ብዙ። (ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር እንደምረው ወይስ ለብቻው? ባለሱቆቹ ራሳቸው አልተስማሙም።)

ኦፍላይኑ ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ባልና ሚስት በሁለት ስልክ፣ ሁለቱም ያለ ኔትወርክ፣ ለአንድ ደንበኛ ይመዘግባሉ። እሷ 200 ብር ተከፈለ ትላለች፣ እሱ ስኳር ወሰደ ይላል። ኔትወርክ ሲመጣ ስልኮቹ ቀሪ ሒሳቡን ብቻ ከላኩ አንዱ የሌላውን ያጠፋዋል። ስለዚህ የሚላከው እያንዳንዱ ምዝገባ ነው፣ ድምሩ በኋላ ይሠራል። ዴቨሎፐሮቹ ይሄን ሲነግሩኝ ነው የሥራው ስፋት የገባኝ።

የቀረው ግራፉን ለሚጠብቁት መንገር ነው። ነገ እኔው እደውላለሁ። አዲስ ቀን አልሰጥም፣ ኦፍላይኑ ስንት እንደሚፈጅ ገና እየለየን ነው። አንዱ በተለይ ይቆጣል። ይቆጣ። በሉ፣ እናንተ ጋ እንዲህ ሲሆን ምን እንደምታወርዱ ጻፉልኝ፣ ቻው።