በቃል የተሰናበተ ኮርስ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ሴሚናሪ ነው የማወራችሁ። ግን ስለ ነገረ ሥላሴም ስለ ስብከት ዘዴም አይደለም፣ ስለ ሬጅስትራር፣ ምዝገባና ውጤት ስለሚይዘው ቢሮ ነው። ነገረ መለኮት ለመማር የሚነሳ ሰው ስለ ጥሪው ብዙ ይጸልያል፣ አባቶችን ያማክራል፣ ቤተሰቡን ያስፈቅዳል። የምዝገባው ሳምንት ሲደርስ ግን ጎኑ ያለው ልጅ የያዘውን ኮርስ አይቶ ይፈርማል። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው።

እስቲ አንድ የማስተርስ ተማሪ እናስብ። አራት ኮርስ ይዟል። ግሪክ አንድ 4 ክሬዲት፣ ብሉይ ኪዳን መግቢያ 3፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ 3፣ ስብከት 2፣ በድምሩ 12 ክሬዲት። ግሪኩ አምስተኛው ሳምንት ላይ ይከብደዋል። የስሙ እርባታ ከግሱ ጋር ተደርቦ ይመጣበታል፣ ኩዊዝ በየሳምንቱ አለ። መምህሩን ያገኝና "መምህር፣ ዘንድሮስ አልቻልኩም" ይላቸዋል። እሳቸውም "አይዞህ ልጄ፣ ለከርሞ ትወስደዋለህ" ብለው ያጽናኑታል። ልጁ ኮርሱን የተወ መስሎት ቀልሎት ይወጣል። ሬጅስትራር ጋ ያለው ስሙ ግን እንዳለ ነው። ፋይናል አልቆ ውጤት ሲገባ፣ ያልተፈተነ ተማሪ ኤፍ ያገኛል።

አሁን ሒሳቡን በእጃችን እንሥራው። አገር ቤት የተለመደው ስኬል ኤ 4፣ ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ 3፣ ሲ 2 ነው። አሜሪካ ብዙ ቦታ ኤ ማይነስ 3.7፣ ቢ ፕላስ 3.3 ይሆናል። ልጃችን ብሉይ ኪዳን ኤ አመጣ እንበል፣ 4 ሲባዛ በ3፣ 12 ነጥብ። ታሪክ ቢ ፕላስ፣ 3.5 በ3፣ 10.5። ስብከት ኤ ማይነስ፣ 3.75 በ2፣ 7.5። ተደምሮ 30 ነጥብ። ግሪኩ ኤፍ ስለሆነ ምንም ነጥብ አልጨመረም። 4 ክሬዲቱ ግን ማካፈያው ውስጥ አለ። 30 ለ12 ሲካፈል 2.5። ማስተርስ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው 3.0 ነውና ልጁ ማስጠንቀቂያ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ያንኑ ኮርስ በጊዜው ፎርም ሞልቶ ቢያቋርጠው ኖሮ ትራንስክሪፕቱ ላይ ደብልዩ ይጻፍለት ነበር። ደብልዩ ነጥብም የለው፣ ክሬዲቱም አይቆጠርም። 30 ለ8፣ 3.75 ይመጣል። ልዩነቱ አንዲት ወረቀት ናት። ተፍጨርጭሮ ሲ ቢያመጣስ? 8 ነጥብ ይጨመርለታል፣ 38 ለ12፣ 3.17። እዚህ ላይ ብዙዎች አራቱን ውጤት ደምረው ለ4 ያካፍሉና 3.31 ነው ያለኝ ብለው ይከራከራሉ። ባለ 4 ክሬዲቱ ግሪክ ከባለ 2 ክሬዲቱ ስብከት እጥፍ እንደሚመዝን ይረሱታል።

ፎርሙ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት፣ አድ እና ድሮፕ በሚባለው ጊዜ የተተወ ኮርስ ምልክት ሳይተው ይጠፋል፣ ክፍያውም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ያ ቀን ካለፈ ደብልዩ ነው፣ የሚመለሰውም ገንዘብ በየሳምንቱ እየቀነሰ ይሄዳል። የደብልዩ ማብቂያ ቀንም አለ፣ ከዚያ ወዲያ መውጫ የለም። ሁለቱም ቀኖች አካዳሚክ ካሌንደሩ ላይ ተጽፈዋል። ግሪክን ለመተው ሌላም ማሰብ አለ። ግሪክ አንድ ብዙ ቦታ በመጀመሪያው ሴሚስተር ብቻ ይሰጣል፣ ግሪክ ሁለት በሁለተኛው፣ የአዲስ ኪዳን ኤክሴጄሲስ፣ ማለትም የንባቡ ትርጓሜ፣ ደግሞ ሁለቱን ያለፈ ብቻ ይወስደዋል። አንዱን መተው ሰንሰለቱን በሙሉ ወደ ከርሞ ይገፋዋል።

ይሄ ነገር ሴሚናሪ ላይ ለምን ይበዛል? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ተማሪው ከመምህሩ ጋር ያለው ግንኙነት የአባትና የልጅ፣ የወንድማማች ስለሆነ ነው። በቃል ይግባባሉ። ኢንኮምፕሊት የሚባለው፣ ሥራው ላልተጠናቀቀ ኮርስ ለጊዜው የሚሰጠው "አይ"ም እዚሁ ላይ ነው የሚበላሸው። መምህሩ "ወረቀቱን ስትጨርስ አምጣልኝ" ይላሉ፣ ከልባቸው ነው። የኮሌጁ ደንብ ግን ቀን ቆርጦለታል፣ ያ ቀን ሲያልፍ "አይ" የተባለው ምልክት በብዙ ኮሌጆች ራሱ ወደ ኤፍ ይለወጣል። የመምህሩ ይቅርታ ሲስተሙን አያውቀውም። ጸጋ በነገረ መለኮት ክፍል ይሰበካል፣ ሬጅስትራር ጋ ግን ቀን የተጻፈበት ማመልከቻ ነው የሚሠራው።

ወደ ክሬዲቱ ልመለስ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉ ደንብ አንድ የሴሚስተር ክሬዲትን የሚለካው ለ15 ሳምንት ያህል፣ በየሳምንቱ 1 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ቢያንስ 2 ሰዓት ደግሞ ከክፍል ውጭ በሚሠራ ሥራ ነው። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት 9 ሰዓት፣ በሴሚስተሩ 135 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። 12 ክሬዲት የያዘ ሰው በሳምንት 36 ሰዓት ፈርሟል። ቀን ኡበር የሚነዳ፣ ረቡዕና ዓርብ የጸሎት ፕሮግራም የሚመራ፣ እሑድ የሚሰብክ ሰው ይህን 36 ሰዓት ከየት እንደሚያመጣው በምዝገባው ቀን ወረቀት ላይ ቢደምር፣ ግማሹ ድሮፕ አይኖርም ነበር። አውሮፓ ያላችሁ ቁጥራችሁ ሌላ ነው። የሙሉ ጊዜ ዓመት 60 ክሬዲት ነው፣ አንዱም ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይይዛል። 60ው በተለምዶ እንደ 30 የአሜሪካ ክሬዲት ስለሚታይ፣ ባለ 5 ክሬዲት ኮርስ ይዞ አሜሪካ የሄደ 2.5 ክሬዲት ይሆንበትና ባለ 3ቱን ኮርስ አልሞላህም ሊባል ይችላል። ክሬዲት ማዘዋወር የሚያስብ ሁሉ ከትራንስክሪፕቱ እኩል የእያንዳንዱን ኮርስ ሲላበስ፣ ይዘቱ የተዘረዘረበትን ወረቀት፣ ይጠብቅ። የኮርሱ ርዕስ ብቻውን ብዙ አያስረዳም።

አቴንዳንስ። በሳምንት አንድ ቀን በሚሰጥ ኮርስ 15 ክፍለ ጊዜ አለ፣ ሦስቴ መቅረት 20 በመቶ ነው። በአምስት ቀን ተጨምቆ በሚሰጠው ብሎክ ኮርስ ላይ ግን አንድ ቀን መቅረት ብቻውን 20 በመቶ ይሆናል። ደንቡ 80 በመቶ የሚል ከሆነ፣ አንድ ቀን ለቅሶ የሄደ ሰው ጠርዙ ላይ ቆሟል፣ በማግስቱ ግማሽ ቀን ቢያረፍድ ከ80 በታች ወረደ። አገልጋይ ደግሞ ለቅሶም ሠርግም ኮንፈረንስም አይቀርለትም፣ ይጠራል። "ለአገልግሎት ነው የሄድኩት" የሚለው ምክንያት ሴሚናሪ ስለሆነ የሚያልፍ ይመስላል። እዚያ ክፍል ግን ሁሉም አገልጋይ ነው፣ ለሁሉም ቢፈቀድ ክፍሉ ባዶ ይቀራል።

አሜሪካ ያላችሁ የኦርቶዶክስ ተማሪዎች በዓላችሁን ከካሌንደሩ ጋር አስተያዩ። የእነሱ የፋሲካ ዕረፍት በምዕራቡ ቀን ነው። በፈረንጆቹ 2024 የእነሱ ማርች 31 ነበር፣ የእኛ ሜይ 5። ሰሙነ ሕማማቱ ከወረቀት ማስረከቢያና ከፋይናል ጋር ገጠመ ማለት ነው። ገናችንም ጃንዋሪ 7 ስለሆነ የጃንዋሪ ብሎክ ኮርስ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ስቅለትን ቤተ ክርስቲያን ለመዋል የሚጠይቅ ደብዳቤ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ቀኑ ተጠቅሶ፣ በኢሜይል ሲላክ መምህሩ ቀለል አድርጎ ያየዋል። በዋዜማው ሲሆን ሰበብ ይመስላል።

አሜሪካ በኤፍ አንድ፣ በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ደግሞ ለብቻ ስሙኝ። ከላይ ልጁን "ፎርም ሙላና ተወው" ያልኩት ለእናንተ በቀጥታ አይሠራም። ለባችለር ሙሉ ጭነቱ 12 ክሬዲት ነው፣ ለማስተርስ ትምህርት ቤቱ ይወስናል፣ ብዙ ቦታ 9 ነው። ያ ልጅ ግሪኩን ሲጥል 8 ላይ ወረደ፣ ቪዛው አደጋ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ አይ 20 የሚባለውን የተማሪ ቪዛ ቅጽ የሚፈርምላችሁን የትምህርት ቤቱን ኃላፊ ማስፈቀድ፣ ከዚያ ድሮፕ። መጀመሪያ ላይ በእንግሊዝኛ ወይም በንባቡ ብዛት ለተቸገረ የሚፈቀድ ቅናሽ አለ፣ ግን ቢያንስ 6 ክሬዲት መያዝ አለበት፣ በሚቀጥለው ሴሚስተርም ወደ ሙሉ መመለስ ግድ ነው። ኦንላይን ከሚወሰደው ውስጥ በሴሚስተር ለሙሉ ጭነቱ የሚቆጠረው አንድ ኮርስ ወይም 3 ክሬዲት ብቻ ነው። ኦዲት ያደረጋችሁት፣ ያለ ውጤት ለማዳመጥ ብቻ የያዛችሁት ኮርስ ጭራሽ አይቆጠርም።

አገር ቤት ሆናችሁ ከአሜሪካ ኦንላይን የምትማሩ፣ የእናንተ ችግር ሰዓቱ ነው። በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው የሚዘጋ አሳይመንት፣ አዲስ አበባ ላይ በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ከ59 ነው። ኖቬምበር ላይ ሰዓታቸውን ሲለውጡ 1 ሰዓት ከ59 ይሆናል፣ ማርች ላይ ተመልሶ 12 ከ59። የማርቹ ነው ሰው የሚበላው፣ አንድ ሰዓት ይወስድባችኋልና።

ምዝገባ ካለቀ በኋላ፣ አድ እና ድሮፕ ከማለፉ በፊት፣ የምዝገባ ስሊፓችሁን አውጥታችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። የኮርሱ ኮድ፣ ሴክሽኑ፣ የክሬዲቱ ቁጥር፣ ለውጤት ነው ወይስ ኦዲት የሚለው። ስማችሁ ከፓስፖርታችሁ ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። መጋቤ፣ ቀሲስ፣ ፓስተር የሚለው እዚያ ውስጥ አይግባ፣ የክርስትና ስምም እንደዚያው። የጣላችሁት ኮርስ አሁንም ተዘርዝሮ ካያችሁት፣ ዛሬውኑ፣ ቢሮው ሳይዘጋ።

በሉ ደህና ሁኑ።