«ፊት አታንብቡ፣ ጠይቁ»፦ ኦቲዝም ያለባቸውን ሰዎች በሥራ ላይ ስለማነጋገር የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ነርስ ነኝ። ኦቲዝም ያለበት ወጣት ሆዴን አመመኝ ብሎ መጣ፣ ግን ስልኩ ላይ ጌም እየተጫወተ ነው። ከ1 እስከ 10 ስንት ያምሃል ስለው ዝም። እውነት አሞት ነው?

ውይ እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ ስንቴ ሰማሁት! ፊቱን አይተሽ አትፍረጂ። ብዙዎቹ ህመሙ ይሰማቸዋል ግን እኛ በለመድነው መንገድ አያሳዩትም፣ ጌሙም ራሱን ማረጋጊያው ሊሆን ይችላል። እኛ የምንጠብቀው እጥፍጥፍ ብሎ የሚያቃስት ሰው ነው፣ እሱ ግን ቀጥ ብሎ ቁጭ ብሏል፣ «ደህና ነው» ተብሎ ቤቱ ይላካል፣ ከዛ ትርፍ አንጀቱ ይፈነዳል። ይሄ ልማድ ሰው ይገድላል! ቁጥሩን ተዪውና «ሌሊት ከእንቅልፍህ ቀሰቀሰህ? ስትራመድ ይብሳል? የቱ ጋ ነው፣ በጣትህ አሳየኝ» በይው። አንዱን ጠይቂና ዝም በዪ፣ በልብሽ እስከ 10 ቁጠሪ። ዝም አለ ብለሽ በሌላ ቃል ከደገምሽው ማሰቡን እንደገና ሀ ብሎ ነው የሚጀምረው። እናቱ አብራው ካለች ደግሞ «የት ነው የሚያመው» ብለሽ እሷን አትጠይቂ፣ ልጁ እኮ እዛው ነው ያለው። ከመንካትሽ በፊት «አሁን ሆድህን ልጫን ነው» በይው። መልሱ ግልጽ ካልሆነ ደግሞ ይመርመር እንጂ ወደ ቤት አይላክ፣ ለሐኪሙም ንገሪ።

ኢንተርቪው ላይ አይን አይኔን የማያይ ሰው እየዋሸ አይደል?

አይደለም። ኦቲዝም ላለባቸው ለብዙዎቹ እያዩ መስማት ሁለት ሥራ ነው። አልኩ እኮ፣ ፊት አታንብቡ! ይልቅ ጥያቄዎቹን ቀድመህ ላክለት።

ኦቲዝም ያለበትን ሠራተኛዬን «ሪፖርቱን ብታየው ጥሩ ነበር» አልኩት፣ አላየውም። ንቆኝ ነው?

ጌታዬ፣ እሱ ጥሩ እንደሚሆን ሰምቷል፣ እርስዎ መቼ አዘዙት! ሰምና ወርቁ ለቅኔ ይሁን፣ ለሥራ ወርቁን ብቻ ይስጡት፦ «ሪፖርቱን እስከ ሐሙስ 6 ሰዓት አይተህ ስህተቱን አስምርልኝ» ብለው በጽሑፍ ይላኩለት። ዴሚያን ሚልተን የሚባል ራሱም ኦቲዝም ያለበት ተመራማሪ በ2012 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው ኦቲዝም ባለበትና በሌለበት ሰው መካከል ያለው አለመግባባት ከሁለቱም ወገን ነው፣ እርስዎም እሱን አልተረዱትም ማለት ነው።

አስፐርገርና ኦቲዝም ይለያያሉ?

አስፐርገር ድሮ ለብቻው የሚሰጥ የምርመራ ስም ነበር፤ ዲኤስኤም 5 የሚባለው የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች የምርመራ መመሪያ በ2013 እ.ኤ.አ. ኦቲዝም በሚለው ስር አንድ ላይ አድርጓቸዋል።

ስሰማዎት እኔም ሳይኖርብኝ አይቀርም አልኩ። አለብኝ?

በስልክ አልመረምርም የኔ እመቤት፣ አይቼሽ እንኳ ከፊትሽ አላነብም። ሳይካትሪስት ወይም ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ጋ ሂጂ፣ ልጅነትሽን የሚያውቅ ሰው ካለ ይዘሽ ሂጂ፣ ስለሱ መጠየቅሽ አይቀርም።