«ጅማ»ን በ0 እና በ1 ስንጠልፈው

[ምስል፦ ረከቦት። ስምንት ሲኒ በአንድ መስመር ተደርድሯል። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል።]

ሰላም እንዴት ናችሁ። ጅማ ነው ያለሁት። ዛሬ «ጅማ» የሚለውን ቃል በ0 እና በ1 ጽፈን የነጠላ ጥለት እናደርገዋለን። ከውጭ የሚሰማው የክረምት ዝናብ ነው፤ እሱን ዝም ማሰኘት አልቻልኩም። ሲኒዎቹ የእማዬ ናቸው፣ ሳላስፈቅድ ነው ያወጣኋቸው። ስለዚህ ቡናው ሳይፈላ እንፍጠን።

ቀና ያለ ሲኒ 1 ይሁን። የተደፋ ሲኒ ደግሞ 0። ከቀኝ ስንጀምር የመጀመሪያው ሲኒ ዋጋው 1 ነው። ቀጥሎ ያለው 2፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 8፤ እንዲህ እየታጠፈ ሄዶ ስምንተኛው 128 ይሆናል። ቀና ያሉትን ትደምራላችሁ፣ የተደፉትን ትዘላላችሁ።

[ምስል፦ እጅ ከቀኝ 1ኛውንና 3ኛውን ሲኒ ቀና ያደርጋል።]

00000101። አራትና አንድ፣ አምስት። በስምንት ሲኒ ብቻ 256 ዓይነት አደራደር ይወጣል።

[ድምፅ፦ ከጓዳ፣ «ሲኒ መጫወቻ ሆነ እንዴ?»]

መጣሁ እማ! ወደ ፊደል እንለፍ።

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጠዋል። የኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የቁጥር ዝርዝር ውስጥ ሲገባ «ጅ» 4869፣ «ማ» 4635 ቁጥር ደረሳቸው። እያንዳንዳቸውን በ16 ሲኒ ብንጽፋቸው እንዲህ ናቸው።

[ምስል፦ ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ]

00010011000001010001001000011011

ይሄ ገና ጥለት አይደለም፤ የጉንዳን ሰልፍ ነው። ጥለት እንዲሆን የት ላይ መቁረጥ እንዳለብን ማወቅ አለብን። እኔ ይሄን የተማርኩት ከኮምፒውተር አይደለም። መርካቶ አንድ ሸማኔ ጋ ቁጭ ብዬ ነው። ሰውየው የነጠላ ጥለት ሲሠራ በአፉ ይቆጥራል፤ ሁለት አንሳ፣ አንድ ተው፣ ሁለት አንሳ። የተነሳ ድር 1፣ የተተወ ድር 0። ጫፍ ሲደርስ ማጉን መልሶ አዲስ መስመር ይጀምራል። የጨርቁ ስፋት ነው ጥለቱን የሚያዘው።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ዣካር የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1804 አካባቢ ሊዮን ከተማ ውስጥ የተበሳ ካርቶን የሚያነብ የሽመና መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ካርቶኑ ላይ ቀዳዳ ካለ ድሩ ይነሳል፣ ከሌለ ባለበት ይቀራል። ኮምፒውተሮችም በኋላ ለብዙ ዓመት የተበሳ ካርድ ሲያነቡ ኖረዋል።

እኛም እንደ ሸማኔው በየ8 እንቁረጠው። ለ1 ጥቁር ሳጥን፣ ለ0 ሳሳ ያለ ሳጥን እንተካ።

░░░█░░██
░░░░░█░█
░░░█░░█░
░░░██░██

እዚህ ላይ ብናቆም የተቀደደ ጨርቅ ይመስላል። ቀኙ ላይ መስታወት እናቁም። እያንዳንዱን መስመር ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መልሰን እንጻፈው። ከዚያ ሙሉውን ወደ ታች አንዴ እንገልብጠው።

░░░█░░████░░█░░░
░░░░░█░██░█░░░░░
░░░█░░█░░█░░█░░░
░░░██░████░██░░░
░░░██░████░██░░░
░░░█░░█░░█░░█░░░
░░░░░█░██░█░░░░░
░░░█░░████░░█░░░

አያችሁ? «ጅማ» ማለት ይህ ነው። ጎን ለጎን ደጋግማችሁ ለጥፉት፣ የነጠላ ጠርዝ ይወጣዋል። በ8 ፈንታ በየ7 ብትቆርጡ ግን፣ ቃሉ በተደጋገመ ቁጥር ሁሉም ነገር በየመስመሩ አንድ ቦታ እየሸሸ ያጋድላል። አንዳንዴ እሱም ያምራል፤ እኔ ግን ቀጥ ያለ እወዳለሁ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። የመጀመሪያ ሥራዬን ለጓደኛዬ በቴሌግራም ላክሁለት። «ምንድነው ይሄ፣ ስልክህ ውሃ ገባበት?» አለኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ለ0 ነጥብ፣ ለ1 ደግሞ «ጠ»ን ተጠቅሜ ነበር። «ጠ» ሰፊ ነው፣ ነጥብ ጠባብ፤ መስመሩ ሁሉ ተንሻፈፈ። ስለዚህ ስፋታቸው እኩል የሆኑ ምልክቶች ምረጡ፣ ፎንቱም ሁሉንም ፊደል እኩል ቦታ የሚሰጥ ይሁን። ቴሌግራም ላይ ከጽሑፉ በፊትና በኋላ ሦስት ሦስት የግራ ጭረት (```) ብታደርጉ ይስተካከላል።

አሁን እኔን ሌሊት እንቅልፍ ወደነሳኝ ነገር እንምጣ።

[ምስል፦ የ2ኛውና የ4ኛው መስመር የመጨረሻ ሦስት አኃዝ ይደምቃል።]

የ«ጅ»ን መጨረሻ እዩ፤ 101፣ ማለትም 5። የ«ማ» መጨረሻ 011፣ ማለትም 3። ግዕዝን 0 ብላችሁ ቁጠሩ። ካዕብ 1፣ ሣልስ 2፣ ራብዕ 3፣ ኃምስ 4፣ ሳድስ 5። «ማ» ራብዕ ናት፣ «ጅ» ሳድስ! ዩኒኮድ ውስጥ ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ስለተሰጠ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች ሁልጊዜ የፊደሉ እግርና እጅ ናቸው። እኛ ደግሞ መስታወቱን ያቆምነው ልክ እነሱ ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ «ማ»ን «ሙ» ብታደርጓት ጥለቱ የሚለወጠው መሀል ሆዱ ላይ ብቻ ነው።

ጠርዙስ? የመጀመሪያው ስምንት አኃዝ በተለመደው ፊደላችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። በዩኒኮድ ተራ ከ«ሀ» እስከ «ደ» ቤት 00010010፣ ከ«ጀ» ጀምሮ 00010011። በአማርኛ የምትጠልፉት ማንኛውም ቃል፣ አንድ መስመር እየዘለለ ይኸው ክር ይመላለስበታል። በላቲን ፊደል የተጻፈ ቃል ይህ ክር የለውም።

[ድምፅ፦ «ቡናው ፈላ! ሲኒዎቼን አምጣ!»]

እሺ እማ። ለአቦል የሚሆን አንድ ልተውላችሁ። የመጀመሪያውንና ሦስተኛውን መስመር አስተያዩ።

[ምስል፦ ሲኒዎቹ ይነሳሉ። ባዶው ረከቦት ላይ ጥለቱ ቀስ እያለ ይወጣል።]

░░░█░░█░░█░░█░░░
░██░░░░██░░░░██░
░░░█░░█░░█░░█░░░
█░░█░░████░░█░░█
█░░█░░████░░█░░█
░░░█░░█░░█░░█░░░
░██░░░░██░░░░██░
░░░█░░█░░█░░█░░░

«ቡና» ነው።