ከፎቶው ጀርባ ያለው ስም

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

ንግግሬን በአንድ ፎቶ ልጀምር። አራት ሰዎች በር ላይ ቆመዋል። አንደኛዋ ሕፃን ታቅፋለች። ፎቶው የድሮ ፎቶዎችንና ታሪካቸውን በምንሰበስብበት ድረ ገጻችን ላይ ከወጣ ቆይቷል፤ ብዙ ሰውም አይቶታል። ከሥሩ ግን “ማንነታቸው ያልታወቀ” የሚል ብቻ ነበር የተጻፈው። አንድ ቀን አንዲት እናት በልጅ ልጃቸው ስልክ አዩት። “የታቀፈችው እኮ እኔ ነኝ!” አሉ። ሦስቱን በየስማቸው ጠሩልን። ጥግ ላይ ኮፍያውን በእጁ ይዞ የቆመውን ሰውዬ ግን አላወቁትም።

ድረ ገጻችንን የሚያይ ሰው ብዙ ነው። በዚህ ደስ ይለኛል። የሚጽፍበት ግን ጥቂት ነው። ለምን እንደማይጽፉ ስጠይቅ ሁልጊዜ የምሰማው መልስ አንድ ነው፦ “እኔ እኮ የታሪክ ባለሙያ አይደለሁም።” ያቺ እናትም ባለሙያ አልነበሩም። ያን በር ግን ያውቁታል። እኛ ያጣነው የሚያውቅ ሰው ነው።

ሌላው የሚያስፈራችሁ መሳሳት ይመስለኛል። እዚህ ላይ የራሴን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ አንድ ሕንፃ የተሠራበትን ዓመት ከአንድ ሽማግሌ ሰምቼ ጻፍኩ። ማን እንደነገረኝ አልጻፍኩም፤ “በግምት” የምትለዋንም ቃል አላስገባሁም። ሌሎች ከእኔ ወስደው ጻፉት። በኋላ ዓመቱን የሚጠራጠር ሰው ሲመጣ እነዚያኑ ጽሑፎች ማስረጃ ብዬ አሳየሁት። ምንጫቸው እኔው ራሴ ነበርኩ! ይህን ስረዳ በጣም አዘንኩ። ማረም የቻልኩት የእኛን ገጽ ብቻ ነው። የተቀዳው አሁንም ይዞራል።

ስለዚህ አደራ፣ “አክስቴ እንደነገረችኝ” ብላችሁ ጻፉ። መቼ እንደነገረቻችሁም ጨምሩ። ዓመት ስትጽፉ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ አመልክቱ፤ ይህች ምልክት ብቻ ብዙ ጭቅጭቅ ታስቀራለች። ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር ካሉ ሁለቱንም አስቀምጡ። ግምት ግምት መሆኑ እስከታወቀ ድረስ ለሚቀጥለው ሰው መነሻ ይሆነዋል። ባዶ ቦታ ግን ለማንም መነሻ አይሆንም።

ስለ ፎቶ አላላክም ጥቂት ልበል። በስልክ መልእክት የምትልኩልን ፎቶ መንገድ ላይ ይጨመቃል፤ የፊት ገጽታ ይደበዝዛል። ቢያንስ እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩት። ስካነር ካገኛችሁ ትንንሾቹን ፎቶዎች በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) አንሱ። የሚቻል ከሆነ ዋናውን ቲፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀሩ፤ የተለመደው የፎቶ ፋይል ጄፔግ ተስተካክሎ በተቀመጠ ቁጥር ከጥራቱ ይቀንሳል። አልበም ላይ የተጣበቀ ፎቶ ካለ በጉልበት አትላጡት። ገጹን እንዳለ አንሱት፤ ቅደም ተከተሉ ራሱ ታሪክ ነው። ጀርባውንም አንሱ! ስሙ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። አዲስ ስም ስትጽፉ ደግሞ ለስላሳ እርሳስ ይሁን። እስክሪብቶ በፎቶው ፊት በኩል ጠባሳ ያወጣል፤ ቀለሙም ሊሰርግ ይችላል።

መብትንም እናስብ። ፎቶው እጃችሁ ላይ ስላለ የቅጂ መብቱ የእናንተ ነው ማለት አይደለም። መብቱ በአብዛኛው የአንሺው ነው። የበርን ስምምነት የተባለው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ውል ለፎቶ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ጥበቃ ከተነሳበት ጀምሮ 25 ዓመት ነው፤ ብዙ አገሮች ግን ከዚያ በጣም አርዝመውታል። ከሁሉም በላይ በሕይወት ያለ ሰው ከሆነ አስፈቅዱት። “አውርዱልኝ” ካለንም ወዲያው እናወርዳለን።

አሁን ወደ በጎ ፈቃደኞቻችን ልምጣ። ከሥራ መልስ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ የሰው ጽሑፍ የሚያርሙ፣ የተበላሸ ሊንክ የሚጠግኑ ልጆች አሉን። ደመወዝ የላቸውም። አመሰግናችኋለሁ፤ ከልቤ ነው። ግን ድካማቸው ብቻውን አይበቃም። ያሁ የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ ሰዎች የራሳቸውን ድረ ገጽ በነፃ የሚሠሩበትን ጂኦሲቲስን እ.ኤ.አ. በ2009 ሲዘጋ ሰዎች ለዓመታት የገነቧቸው እጅግ ብዙ ገጾች ጠፍተዋል። የድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭና ሌሎች ፈቃደኞች ሮጠው ያተረፉት ከፊሉን ነው። ያ ኩባንያ ነበር፤ እኛ ደግሞ በመዋጮ የምንኖር ማኅበር ነን። ዛሬ ለጉባኤው የማቀርበው አንዱ ሐሳብም ይኸው ነው፦ የሰበሰብነው ሁሉ ሦስት ቅጂ ይኑረው፣ አንዱም ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ወጪውን ገንዘብ ያዣችን ያብራራሉ።

ከመግቢያው በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ላይ ስም ያልተገኘላቸውን ፎቶዎች አትመን ደርድረናል። ከየፎቶው አጠገብ ወረቀትና እርሳስ አለ። ኮፍያውን የያዘው ሰውዬም እዚያ ነው። በእረፍት ሰዓት ጎራ በሉና እዩት።

ጉባኤው ተከፍቷል።