ቅዳሜ እኔም ተሳፋሪ ነኝ

እንደምን አመሻችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞች፣ ልጆች።

ስለ ቅዳሜው ጉዞ ተናገር ተብዬ ነው የቆምኩት። ማውንት ቨርነን እንሄዳለን፤ የጆርጅ ዋሽንግተን ቤት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። 11 ዓመት ታክሲ ስነዳ ስንቱን ቱሪስት እዚያ አድርሻለሁ። በር ላይ አወርዳለሁ፤ ፓርኪንጉ ውስጥ ወንበሬን ለጠጥ አድርጌ እተኛለሁ። አንድ ቀን እንኳ ገብቼ አላየሁም። እዚህ ያላችሁ ሹፌሮች ስትስቁ ይታየኛል! በመጨረሻ ያስገባችኝ ልጄ ናት፤ የቤት ሥራ ተሰጥቷት።

ቤቱን ከሩቅ ስታዩት የድንጋይ ይመስላል። ጠጋ ብዬ በጣቴ ቆርቆር ሳደርገው እንጨት ነው። ሳንቃውን እንደ ጥርብ ድንጋይ ቀርጸው፣ ቀለሙ ሳይደርቅ አሸዋ በትነውበታል። «አባዬ፣ ፕሬዝዳንቱ ሸውዷል?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

ስትገቡ ግድግዳው ላይ፣ መስታወት ውስጥ፣ ትልቅ የብረት ቁልፍ አለ። የፓሪሱ የባስቲል እስር ቤት ቁልፍ ነው። ከዋሽንግተን ጋር የተዋጋው ፈረንሳዊ ጄኔራል ላፋዬት በ1790 የነጻነት ምልክት ብሎ ላከለት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው።) ዋሽንግተን በ1799 ሲሞት ግን በዚያው ርስት ላይ 317 ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። 123ቱ የራሱ ናቸው፤ ነጻ ይውጡ ብሎ ተናዟል። ከቀሩት አብዛኞቹ የሚስቱ የቀድሞ ባል ውርስ ስለነበሩ ኑዛዜው አልደረሰላቸውም።

ብዙ ሰው የዋሽንግተንን መቃብር አይቶ ይመለሳል። እናንተ እንዳትመለሱ። ትንሽ አለፍ ስትሉ፣ ዛፎቹ መሃል፣ የባሮቹ መቃብር አለ። በየመቃብሩ ላይ ስም የሚባል ነገር የለም። በ1983 የቆመውን ሐውልት የነደፉት የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ያው ስንቶቻችን ተሳፋሪ ያነሳንበት ሃዋርድ! ልጄ እዚያ ስትደርስ ወሬዋን አቆመች። ደብተሯንም አላወጣችም። እኔም ዝም አልኩ።

ጊዜ ከተረፈን አርሊንግተን ጎራ ብለን የኬኔዲን መቃብር እናያለን። በ1963 አስከሬኑን ከዋይት ሀውስ እስከ ካቴድራሉ በእግር ከሸኙት መሪዎች አንዱ ጃንሆይ ነበሩ። ትልልቆቹ ፎቶውን ሳታስታውሱት አትቀሩም።

አውቶቡሱ የሚነሳው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የሐበሻ ቀጠሮ አይሠራም! ምቹ ጫማ አድርጉ፤ ግቢው ሰፊ ነው። መንገድ ግን እኔን እንዳትጠይቁኝ፤ ቅዳሜ እኔም ተሳፋሪ ነኝ።

አመሰግናለሁ።